መቅዲን ወደ ሦስተኛው ፎቅ ማድረስ

ዋቅጅራ ሊፈታው የተነሣው ችግር በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ ልጁን መቅዲን ከሰዓት በኋላ ከመኪናው አንሥቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤታቸው ማድረስ፣ ጠዋት ደግሞ ከዚያ ማውረድ። ቤታቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት ባለ ቀይ ጡብ አሮጌ አፓርትመንቶች በአንዱ ውስጥ ነው። ሊፍት የለውም። መቅዲ ከተወለደች ጀምሮ እግሮቿ አይታዘዟትም። ወገቧም ደካማ ነው፤ እጆቿ ደህና ናቸው፣ ምላሷ ደግሞ ከደህናም በላይ ነው። ዊልቸሯ ታጥፎ ደረጃው ሥር ከብረቱ ጋር ተቆልፎ ያድራል። እሷን ግን እንደዚያ ማድረግ አይቻልም።

መጀመሪያ ላይ ይህ ችግር አልነበረም። ወደዚህ ቤት ሲገቡ መቅዲ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ክብደቷ ዐሥራ ስምንት ኪሎ። ጀርባው ላይ ተለጥፋ አንገቱን ታቅፍና «ቶሎ በል እንጂ» ትለዋለች። እሱ በአንድ እጁ እሷን ደግፎ፣ በሌላው የአስቤዛ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ እያወራ ይወጣል። ቤቱን የመረጠውም ራሱ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ብርሃን አለው፣ ከራስህ በላይ የሚረግጥ ጎረቤት የለብህም አለ። ባለቤቱ ስሂን «ልጅቷ ታድጋለች እኮ» ብላው ነበር።

«ስታድግ ቤት እንቀይራለን» አላት።

ልጅቷ አደገች። ቤቱ አልተቀየረም።

ነገሩን በሥርዓት ካየነው ምን እንደገጠመው በግልጽ ይታያል፤ ደግሞም በጣም ያምራል፣ ምንም እንኳ ለዋቅጅራ የሚያምር ነገር ባይሆን። አንድን ነገር ወደ ላይ ስናነሣ ያወጣነው ጉልበት ከንቱ አይቀርም፤ በተነሣው ነገር ከፍታ ውስጥ ይቀመጣል። መደርደሪያ ላይ ያለ የብረት ድስት ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ነገር ግን ወደዚያ ያነሣው ሰው ጉልበት አብሮት ተቀምጧል፤ ድስቱ ሲወድቅ የወለሉን ሸክላ የሚሰነጥቀው ያ የተቀመጠ ጉልበት ነው። የስበት እምቅ ጉልበት ይባላል። መጠኑን ለማወቅ ሦስት ነገር መጠየቅ ይበቃል። አንደኛ፣ የተነሣው ነገር ውስጥ ያለው ቁስ ምን ያህል ነው? ይህ በኪሎ የምንለካው ነው፤ መጠነ ቁስ ይሉታል። ሁለተኛ፣ መሬት በምን ያህል ብርታት ትስበዋለች? ሦስተኛ፣ ምን ያህል ከፍ ብሏል? ሦስቱን ማባዛት ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

ወደ ዋቅጅራ ደረጃ እንምጣ። እዚህ አገር ምድር ቤቱ ራሱ አንደኛ ፎቅ ስለሚባል፣ ሦስተኛ ፎቅ ከመሬት አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። የመሬትን ስበት ለቀላልነት ዐሥር እንበለው፤ ከትክክለኛው ብዙም አይርቅም። ዐሥርን በአምስት ተኩል ስናባዛ ሃምሳ አምስት እናገኛለን። ስለዚህ በዚያ ደረጃ ላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ኪሎ፣ የድንችም ይሁን የልጅ፣ ሃምሳ አምስት ጁል ይፈልጋል። ጁል ምን ያህል ነው ለሚል ሰው፣ አንድ መካከለኛ ቲማቲም ከወለል አንድ ሜትር ከፍ ማድረግ አንድ ጁል ገደማ ነው።

የስድስት ዓመቷ መቅዲ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ጁል ነበረች። ዛሬ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ትምህርት ሲከፈት አርባ ስድስት ኪሎ ነበረች፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሠላሳ ጁል። ደረጃው ያው ነው፣ መሬትም ያችው ናት። የተለወጠው አንዱ ቁጥር ብቻ ነው፤ ውጤቱን ሁሉ ደግሞ አብሮት ወሰደው። መጠነ ቁስ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱም እጥፍ ነው፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ሦስት እጥፍ። ለትልቅ ጭነት የሚደረግ ቅናሽ የለም።

ዋቅጅራ ቀመሩን ሳያውቀው በፊት በሦስቱም በር አንኳኩቷል። በስበቱ ምንም ማድረግ እንደማይቻል ግልጽ ነበር። በከፍታው ሞከረ። የአፓርትመንቱ ቢሮ ሄዶ አንደኛ ፎቅ እንዲሰጡት ጠየቀ። ቢሮ ያለችው ሴት ደግ ናት፤ «ሲለቀቅ ኮል አደርግልሃለሁ» ብላ ስሙን መዘገበች። ነገር ግን አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ሁሉ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ደረጃ የማይችሉ። አንድ ቀን አምቡላንስ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ የየትኛው ቤት ሰው ይሆን ብሎ ልቡ ዘለለ። ምን እንደተመኘ ሲገባው ለረጅም ጊዜ ከመኪናው አልወረደም።

ሀያትስቪል ደግሞ ቤዝመንት አገኘ። አከራይዋ ደረጃው ጥቂት ነው አለችው። ሄዶ አየው፤ በእርግጥ ጥቂት ነው፣ ወደ ታች የሚወርድ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከፍታ የሚለካው ከየት ነው? ከፈለግንበት ቦታ። መንገዱን ዜሮ ካልነው ቤዝመንቱ ከዜሮ በታች ነው፤ እዚያ ያለ ሰው ወደ ዓለም ለመውጣት መነሣት አለበት። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሰው ለመግባት ይነሣል፣ ቤዝመንት ያለ ሰው ለመውጣት ይነሣል። ሆኖም የቤዝመንቱ ከፍታ ግማሽ እንኳ ስለማይሆን ያዋጣው ነበር። ዳሩ ግን ግድግዳው ላብ ያልበዋል፣ የመቅዲ ሳንባ ደግሞ እርጥበት አይችልም። ተወው። ታኮማ ፓርክ ሊፍት ያለው ሕንፃ አለ፤ የተጠባባቂው ሰልፍ ግን መቅዲ ሃይስኩል ጨርሳም የሚደርስ አይመስልም።

የቀረው ሸክሙን መካፈል ነበር። ጉልበቱ አይቀንስም፤ ሁለት ሰው ካነሣት ግን ለሁለት ይከፈላል። አሌክሳንድሪያ ካለችው ቤተ ክርስቲያናቸው ኦላና እና ጆኒ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች መጡ። ጠንካሮች ናቸው፣ ወንበር ላይ አስቀምጠው በአንድ ትንፋሽ አወጧት። ከመውረዳቸው በፊትም «ከፈለጋችሁ በየቀኑ እንመጣለን» አሉ። በሩ ሲዘጋ መቅዲ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

መቅዲ እዚሁ የተወለደች ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ በእንግሊዝኛ ነው፣ አባቷም በአማርኛ ይቀጥላል። ሁለቱም ለየብቻቸው በሚናገሩት ቋንቋ አንድ ወሬ ያወራሉ።

«ሁለተኛ እንዳይመጡ» አለችው።

«ምነው? ጨዋ ልጆች ናቸው እኮ።»

«የጆኒ ወንድም ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነው። አባ፣ እኔ ሶፋ አይደለሁም።»

ዋቅጅራ ራሱ በዐሥራ አራት ዓመቱ ቢሆን ምን ይል እንደነበር አሰበ። ስሂን ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ የለችም፤ አሌክሳንድሪያ አንድ ሽማግሌ ቤት እያደረች ትንከባከባለች፣ የምትመጣው እሑድ ነው። እዚያ ሽማግሌው ከአልጋ ወደ ወንበር የሚነሡት በማሽን ነው፤ ቁልፉን ትጫናለች፣ እሳቸው ቀስ ብለው አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ስትነግረው ዋቅጅራ እንደ ተረት ነው ያዳመጣት። ማሽኑ ግን ለአልጋ እንጂ የሌላ ሰው ንብረት ለሆነ የጋራ ደረጃ አይደለም።

የራሱ ሥራም ከሰው ማንቀሳቀስ አይርቅም። ከሄርንደን አለፍ ብሎ ባለው ኤርፖርት ተሳፋሪ በዊልቸር ይገፋል። ከመቅዲ ሁለት እጥፍ የሚከብዱ ሰዎችን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያደርሳል፣ ሲመለስ እያፏጨ ነው። ይህ እንዴት ሆነ? ወለሉ ጠፍጣፋ ነው። ከፍታው ካልተለወጠ እምቅ ጉልበቱም አይለወጥም፤ መቶ ኪሎም ብትሆን በዜሮ ስትባዛ ዜሮ ነህ። የሚታገለው ከጎማው ሰበቃ ጋር ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ክብደት ምንም የማይባልበት አገር ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ ክብደት ሁሉም ነገር ወደሆነበት ደረጃ ይመለሳል።

ቀመሩን ያመጣችው መቅዲ ናት። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ የሳይንስ መምህሯ በቤት የሚሠራ ሙከራ ሰጧት። ሁለት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስመጣችው፣ አንዱን ሙሉ ውኃ፣ ሌላውን ግማሽ አስሞላችው። ወለሉ ላይ ዱቄት በትሪ ወፈር አድርጎ አስነጠፈችው።

«ሁለቱንም ከአንድ ከፍታ ልቀቅ። ከጭንቅላትህ ትክክል።»

«የዱቄቱን ነገር እናትሽ ብታይ።»

«እናቴ እሑድ ነው የምትመጣው። ልቀቅ።»

ለቀቀ። ግማሹ ጠርሙስ ዱቄቱን ጎድጎድ አደረገው፤ ሙሉው ትሪው ድረስ ሊገባ ምንም አልቀረው። ዱቄቱ ሱሪው ላይ ተበትኖ ሁለቱም ሳቁ። መቅዲ ጉድጓዶቹን በማስመሪያ ለክታ አሳየችው፤ ውኃው እጥፍ ሲሆን ጉድጓዱም ወደ እጥፍ ተጠግቷል። ዋቅጅራ በጣም ተገረመ። ደግሞ ካልጣልን አለ። ሩዝ ሞልተው ጣሉ፣ ጨው ሞልተው ጣሉ። ውስጡ ምንም ይሁን ምን ዱቄቱ የሚያውቀው ኪሎውን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ያንን ምሽት ሲያስብ አብረው የተደሰቱበት የመጨረሻው ይሆንበታል።

«አሁን እኔን እናስላ» አለች ዱቄቱን ሲጠርግ።

«አንቺማ ላባ ነሽ፤ ላባ አይሰላም።»

«ላባም ይሰላል» አለችና ስልኳ ላይ ማባዛት ጀመረች። ያገኘችውን አላሳየችውም።

የሚቀጥለው እሑድ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምሳ አለ። እማማ ሃይማኖት የሚባሉ እናት አሉ፤ የጉባኤውን ልጆች ሁሉ ስም በስም የሚያውቁ፣ ማንንም ሳይስሙ የማያልፉ። የመቅዲ ወንበር ላይ ጎንበስ ብለው ጉንጯን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ውይ የኔ ቆንጆ፣ እንዴት አምሮብሻል። ወፍረሻል እኮ፤ ጌታ ይመስገን።» ወደ ዋቅጅራ ዞሩ። «ጎሽ ልጄ፣ እየመገብካት ነው።»

እንዲህ መባል ለእሳቸው ትውልድ ምርቃት ነው። የወፈረ ልጅ የተረፈ ልጅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ እህል አለ፣ አባትየው ሰነፍ አይደለም ማለት ነው። ዋቅጅራም እንደ ምርቃት ተቀበለው። ደስ ብሎት፣ ሊያስቃቸው ብሎ፣ ወገቡን ያዝ አደረገና፦

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ በዓይን ያዩትን እኔ ደረጃው ላይ በወገቤ አውቄዋለሁ» አላቸው።

በአካባቢው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ስሂንም ሳቀች። መቅዲም ፈገግ አለች፤ ያንን ዐረፍተ ነገር ለመረዳት የሚያስፈልገው አማርኛ በሙሉ ነበራት። ሹካዋን ሳህኑ ላይ አጋደመችው፣ «ጠግቤያለሁ» አለች፣ ለዚያውም በአማርኛ።

ቀልዱ ቀልድ አልነበረም። የዋቅጅራ ወገብ ትምህርት ከመከፈቱም በፊት ጀምሮ ታሟል። አንዲት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ፎቶ ተነሥቶ የአከርካሪው ዲስክ መንሸራተቱን ነግረውታል፤ ከዐሥር ኪሎ በላይ እንዳያነሣም ተከልክሏል። መቅዲ የዚያ ገደብ አራት ተኩል እጥፍ ናት። ያችው ሐኪም መውረዱ ከመውጣቱ የባሰ ሊሆን እንደሚችልም አስረዳችው። መውረድ እረፍት ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ ሲወጣ ያጠራቀመውን ጉልበት ሲወርድ በየደረጃው መያዝና ማብረድ አለበት፣ ያለዚያ ሁለቱም ይወድቃሉ። መኪና ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንደሚግል ማለት ነው። የዋቅጅራ ፍሬን የእግሩ ጉልበትና ወገቡ ነው።

ይህን ለስሂን አልነገራትም፣ ለመቅዲም አልነገራትም። በነሱ ቤት ሕመም አይወራም፤ እንዴት ነህ ሲሉት ደህና፣ ተመስገን ነው። የሚያሳክክ የመድኃኒት ፕላስተር ከሸሚዙ ሥር ይለጥፋል፣ ሽታው እንዳይታወቅ መኪናው ውስጥ መስኮት ይከፍታል። የሚፈራው ነገር አንድ ነው። መሸከም እንዳቃተው ከታወቀ ትምህርት ቤቱ መቅዲን ቤቷ ሆና በስክሪን እንድትማር ያደርጋታል። ይህ ሆነ ማለት መቅዲ ከዚያች ሦስተኛ ፎቅ አትወርድም ማለት ነው። ጓደኞቿ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ጫጫታ፣ ሁሉም አምስት ሜትር ተኩል በታች ይቀራል።

መቅዲ ግን ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም። የምትጋልበው ጀርባውን ነው፤ ጆሮዋ አንገቱ ላይ ነው። የሚያርፍበት ቦታ ሲበዛ፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ከሸሚዙ ሥር ያለው የመድኃኒት ሽታ ሲጠነክር ከሷ የቀረበ ሰው አልነበረም። ቀመሩም እጇ ላይ ነው። ስበቱን መቀነስ አይቻልም። ከፍታውን አባቷ ሞክሮ አልሆነለትም። የቀረው አንድ ቁጥር ነው፤ እሱም ራሷ ናት።

ምሳዋን ለጓደኛዋ መስጠት ጀመረች። ማታ «ትምህርት ቤት በልቻለሁ» ትላለች። ጠዋት ይረፍዳል ትላለች።

ዋቅጅራ ለውጡን በዓይኑ አላየውም፤ በጀርባው ነው ያወቀው። ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አምጥቷት ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሳያርፍ አለፈ። ዛሬ ወገቤ ተሻለው አለ በልቡ፣ ደስም አለው። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ሆነ፤ አሁንም ደስ አለው። መድኃኒቱ ሠራ ብሎ ለሐኪሟ ሊነግራት ነበር። ያንን ደስታ አሁን ሲያስበው ያፍርበታል።

ስልኩ የመጣው ኤርፖርቱ ውስጥ አንዲት አሮጊት እየገፋ ሳለ ነው። የትምህርት ቤቱ ነርስ ናት። መቅዲ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ነበር፣ አሁን ነቅታለች። ሲመዝኗት ትምህርት ሲከፈት ከነበረችበት በሦስት ኪሎ ቀንሳለች፤ በምታድግበት ዕድሜ ልጅ መጨመር እንጂ መቀነስ አልነበረባትም። ቤት ውስጥ በቂ ምግብ አለ ወይ ስትል ነርሷ በትሕትና ጠየቀችው።

ሥራውን ጥሎ ሄዶ ከትምህርት ቤት ወሰዳት። ቤታቸው በር ላይ መኪናውን አቆመና ሳይወርድ ዞረባት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም።»

«መቅዲ፣ የኔ እናት፣ ንገሪኝ። ማነው ያስቀየመሽ? እማማ ሃይማኖት ናቸው?»

«እሳቸው ምን አደረጉ። እውነት ነው የተናገሩት።» ስልኳን ከፍታ አቀበለችው። ያ ስሌት ነበር። «አርባ ስድስት ነበርኩ፣ አርባ ሦስት ነኝ። መቶ ስልሳ አምስት ጁል ቀንሻለሁ፤ በየቀኑ። አይሰማህም?»

ዋቅጅራ እንደተሰማው ሊነግራት አይችልም።

እዚህ ላይ ስሌቷን እንመርምረው፤ መቅዲ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ማባዛቷ ትክክል ነው፣ ግን አንድ ሰው ረስታለች። ደረጃውን የሚወጣው ማነው? ዋቅጅራም ይወጣል። ባዶ እጁን ቢወጣ እንኳ ሰባ አራት ኪሎ ይዞ ነው የሚወጣው፤ የራሱን። ሁለቱ አብረው ትምህርት ሲከፈት መቶ ሃያ ኪሎ ነበሩ፣ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ጁል። ከዚያ ውስጥ መቶ ስልሳ አምስት ማለት ከመቶ ሁለት ተኩል ነው። በረሃብ ራሷን የጣለችለት ቅናሽ ይህን ያህል ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሲያውቅ ሰው ይደነግጣል። ለዚያ ሁሉ መውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ከምግብ አንጻር እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ጉርሻ ዳቦ ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ሦስት አራተኛውን በሙቀት አባክኖትም እንኳ፣ አባትና ልጅን አንድ ላይ ከሁለት ጊዜ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ያደርሳል። ጉልበት ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ያንን ጉልበት የሚሸከም አጥንት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቀመሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ዋቅጅራ ይህን በራሱ መንገድ ነገራት። «እኔም እወጣለሁ እኮ፤ እኔን የት ጣልሽኝ? ካንቺ የምከብደው እኔ ነኝ። ያንቺ ሦስት ኪሎ እኔ ላይ ምን ታደርጋለች? ጃኬቴ ነች።»

መቅዲ አሰበችበት። ስልኳን ተቀብላ ሰባ አራትን ጨመረች፣ አካፈለች። ከመቶ ሁለት ተኩል።

«ትንሽ ነው» አለች።

«አይደል?»

«ግን ዜሮ አይደለም፣ አባ።»

ችግሩ እሷ ልክ መሆኗ ነው። ቀመሩ ከሷ ጋር ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እኩል። ልጅ አባቱን በሳይንስ ሲረታው ምን ይባላል? ዋቅጅራ ወርዶ በሯን ከፈተ፣ ጀርባውን ሰጣት፣ እሷም አንገቱን አቀፈች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፈ። ሆን ብሎ ነበር፤ መክሳቷ ምንም እንዳልረዳው እንዲመስላት። ከዚያ ደግሞ ይህም ከባድ ነሽ ማለት መሆኑ ገባውና ዐርፎ ሳይጨርስ ቀጠለ።

እሑድ ስሂን መጣች። ሁሉንም ሰማች፤ የልጅቷን መራብም፣ የባሏን ፕላስተርም። አልጮኸችም። የፕላስተሩ ጫፍ ተነቅሎ አየችና በጣቷ መልሳ ለጠፈችው። «ሁለታችሁም ውሸታም ናችሁ» አለች፣ ከዚያም ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልተሻሻለም። ነርሷ ባሳሰበችው መሠረት የትምህርት ቤቱ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤታቸው መጣች፣ ደረጃውንም አየች። በረዶው ሲጀምር መቅዲ በስክሪን ብትማር እንደሚሻል ሐሳብ አቀረበች፤ በቀና ልብ ነው። መቅዲ «እሺ» አለች። ዋቅጅራ «አይሆንም» አለ፤ እስከ መቼ አይሆንም እንደሚል ግን አያውቅም። ለጊዜው የሚወርዱት ለትምህርት ብቻ ነው። አሌክሳንድሪያ ትተዋል፤ ስብከቱን እሑድ ሦስቱም ሶፋው ላይ ሆነው በቴሌቪዥን ያያሉ። እማማ ሃይማኖት ስልክ ደውለው ምነው ጠፋችሁ ሲሉት ደህና ነን፣ ተመስገን አላቸው። ከአፓርትመንቱ ቢሮ የደወለ የለም።

መቅዲ ደግሞ የጠፋውን ሦስት ኪሎ መመለስ አለባት፤ ከዚያም ዕድሜዋ የሚፈልገውን መጨመር። ነርሷ በየሳምንቱ ትመዝናታለች። ለዋቅጅራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም። ልጁ አንድ ኪሎ ስትጨምር ማመስገን አለበት፤ ያቺ ኪሎ ግን ወገቡ ላይ የምትወጣ ናት። ሚዛኑ ላይ የሚጸልይለት ነገር ደረጃው ላይ የሚፈራው ነገር ነው።

አንድ ጠዋት ሥራ ቦታ የዕረፍት ክፍል ውስጥ የመቅዲን ስሌት አስታወሰ። መቶ ሃያ ኪሎ። ደረጃው የማንን ኪሎ እንደሚያስከፍል አይጠይቅም፤ ድምሩን ብቻ ነው የሚያውቀው። እሷ ሦስት ብትጨምርና እሱ ሦስት ቢቀንስ ድምሩ ያው ነው። ይህን ሲያገኝ ከብዙ ሳምንት በኋላ አንድ በር የተከፈተ መሰለው። የሚሸከም ጡንቻ ካልበላ እንደሚከሳ፣ ወገቡን የሚይዝለት ያው ጡንቻ እንደሆነ ያውቃል፤ ሐኪሟም ነግራዋለች። ለማሰብ ግን አልፈለገም።

አሁን የሚሞክረው ይህንን ነው። ምሳ መብላት ትቷል፤ ማታም የሚበላው ስሂን ያለች ቀን ነው። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በቢላዋ ጫፍ በስቷል። ጠዋት ጠዋት ተነሥቶ ለመቅዲ እንቁላል ይጠብሳል፣ ዳቦውን ቅቤ ይቀባል፣ ፊት ለፊቷ ይቀመጣል። እሷ ደግሞ ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ አውጥታለች፤ እሱ ካልጎረሰ አትጎርስም።

«ቅድሚያ አንተ» ትለዋለች።

«እኔ ኤርፖርት እበላለሁ።»

«ከሳህ እኮ አባ።»

«ሥራ ነው። ብዪ፣ ይረፍዳል።»

«ቅድሚያ አንተ።»

ከዳቦዋ ጫፍ ትንሽ ቆርሶ አፉ ውስጥ ያደርጋል። መቅዲ ያኔ ሹካዋን ታነሣለች። እሱ ያቺን ቁራሽ በቀኝ ያላምጣል፣ ወደ ግራ ያዛውራል፣ አይውጣትም፤ እሷ ሳህኗን እስክትጨርስ ድረስ መብላት እንዲመስል ቀስ ብሎ ያላምጣል።